ጸጥታ የሚገዛው በዳገት ነው

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ የቤተሰብ ቀን፣ ናይሮቢ፣ በቅዳሜ ማለዳ ብስክሌተኞች ስም የቀረበ ንግግር)



 

የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ቅዳሜ ማለዳው የብስክሌት ጉዞ አንድ ሰው ይናገር ብሎ ሲጠይቀን፣ በመካከላችን ሐኪምም መምህርም እያለ ዕጣው በባለሱቅ ላይ ወደቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለሱቅ ወሬ አያልቅበትም። ይሁንና የምንናገረው አብረን ያየነውን ስለሆነ በዚህ ንግግር ውስጥ የምትሰሙት "እኛ" የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

በስዋሂሊ ሱቅ "ዱካ" ይባላል። እኛ ባለሱቆች ይህን ቃል በሰማን ቁጥር ፈገግ እንላለን። ከጠዋት እስከ ማታ በዱካ ውስጥ ተቀምጠን፣ በዚህ አገር መሬት ላይ ግን አንድም ዱካ ሳንተው ስንት ዓመት አለፈ! በዚህ ከተማ የምንኖር አበሾች ኑሯችን በሦስት ቦታ ተወስኗል፤ በቤት፣ በሥራና በቤተ እምነት። የልጆቻችን ደግሞ በሁለት፤ በቤትና በትምህርት ቤት። በመካከል ያለው ሁሉ በመኪና መስኮት የሚታይ ነው። እዚሁ ተወልዶ 15 ዓመት የሞላው ልጃችን የገበያ አዳራሾቹን ፎቅ በፎቅ ያውቃቸዋል። ጠዋት ጠዋት የሚጠጣው ሻይ የሚበቅልበትን ኮረብታ ግን፣ ከቤቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ሳለ፣ አያውቀውም። ኢትዮጵያን እንዳያውቃት ሩቅ ናት እንላለን፤ ኬንያን እንዳያውቃት ግን ምን ምክንያት እንሰጣለን?

ዛሬ የምንነግራችሁ ከናይሮቢ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች መኪና የማይበዛባቸው የጠጠር መንገዶች እንዳሉ፣ እንዴት እንደሚገኙና ለምን ሳይጠፉ ልናውቃቸው እንደሚገባ ነው።

ለምን ከአስፋልት ወጣን?

ብስክሌት በመካከላችን አዲስ ነገር አይደለም። አገር ቤት በልጅነታችን በሰዓት ተከራይተን፣ ጉልበታችን እየተላጠ የተማርን ብዙዎች ነን። እዚህም ከመጣን በኋላ ወጣቶቻችን በእሑድ እሑድ በዋናው ጎዳና ዳር ዳሩን ይነዱ ነበር። ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነርሱ አንዱን ዳር ይዞ ሲሄድ ማታቱ ገጨው። አምላክ ይመስገን ነፍሱ ተረፈ፤ እግሩ ግን እስኪድን ስምንት ወር ፈጀ። በዚያው ሰሞን በየቤቱ ያለው ብስክሌት ሁሉ በረንዳ ላይ በሰንሰለት ታሰረ። እናቶች ማንንም አላማከሩም፤ ልክም ነበሩ።

ልክ መሆናቸውን ቁጥሩም ይናገራል። በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ ከ4,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ በ2024 ብቻ ከ4,700 በላይ። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከሟቾቹ መካከል ትልቁን ቁጥር የሚይዙት በመኪና ውስጥ ያሉት ሳይሆኑ በእግራቸው የሚሄዱት ናቸው። በእግሩ ለሚሄድ ያልራራ መንገድ በሁለት ቀጭን ጎማ ላይ ለተቀመጠ ልጅ አይራራም።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ ቀረበልን፤ ብስክሌቶቹን መሸጥ ወይም መኪና የሌለበትን መንገድ መፈለግ። መሸጡ ለባለሱቅ ቀላል ነበር። ነገር ግን ልጁ ራሱ ክራንቹን ተደግፎ "መንገዱ ነው እንጂ ብስክሌቱ ምን አደረገኝ?" አለን። ፍለጋው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መሬቱን ማንበብ

በመጀመሪያ ጸጥ ያለ መንገድ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ይመስለን ነበር። እየቆየን ስንሄድ ግን መሬቱ ራሱ ሥርዓት እንዳለው ተረዳን። እስቲ አንድ ጊዜ እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጋችሁ ጣቶቻችሁን ዘርጉ። አንጓችሁ የአበርዴር ተራሮች ይሁን። ጣቶቻችሁ ከተራራው ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርዱት ሸንተረሮች ናቸው፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ወንዞቹ ናቸው። የኪያምቡና የሙራንጋ አገር አቀማመጥ እንዲህ ነው።

አስፋልቱ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ በጣቱ ላይ ነው፤ ሸንተረሩን ተከትሎ ይሄዳል። መኪናው፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው የሚሻገረው ግን ብዙ ጊዜ ቀይ የጠጠር መንገድ ነው። እኛ ኮረኮንች ወይም ፒስታ የምንለው፣ እዚህ አገር ሙራም የሚሉት ማለት ነው። ይህ መንገድ ቁልቁል ወርዶ፣ በትንሽ ድልድይ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ቀጥ ብሎ ዳገቱን ይወጣል። ባለመኪና ይህን አይመርጥም፤ ነዳጁ ያልቃል፣ ጎማው ይበላል፣ ዝናብ ከጣለ ያዳልጠዋል። ስለዚህ መንገዱን ለእግረኛ፣ ለላምና ለብስክሌት ትቶታል።

ከዚህ የተማርነውን በባለሱቅ ቋንቋ እንናገረው፤ ጸጥታ በነጻ አይገኝም፣ የሚገዛው በዳገት ነው። ከአስፋልቱ ወርዶ አንድ ወንዝ የተሻገረ ሰው የማታቱ ጥሩንባ ይቀርለታል። ሁለት ወንዝ የተሻገረ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ሦስት የተሻገረ የራሱን ልብ ምት ይሰማል፤ በተለይ እንደኛ ሃምሳን ካለፈ።

በእነዚህ ኮረብታዎች የተገራ ጉልበት የት እንደሚደርስም ታይቷል። ክሪስ ፍሩም በ1985 እዚሁ ናይሮቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ብስክሌት የተለማመደው በኬንያዊው ብስክሌተኛ በዴቪድ ኪንጃ ሥር፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ ባለው የኪኩዩ አገር መንገዶች ነው። ከዚያ ወጥቶ በ2013፣ በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ቱር ደ ፍራንስን አሸንፏል። ልጆቻችን ሁሉ ፍሩም ይሆናሉ አንልም፤ መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው።

አራት መንገዶች፣ ከቀላል ወደ ከባድ

የመጀመሪያው የካሩራ ደን ነው። በሊሙሩ መንገድና በኪያምቡ መንገድ መካከል የሚገኝ፣ ስፋቱ 1,000 ሄክታር ያህል የሆነ፣ በውስጡ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መሄጃ ያለው ደን ነው። ዙሪያው የታጠረ ስለሆነና ተላላፊ መኪና ስለሌለበት ጀማሪዎችን የምንወስደው ወደዚያ ነው። በየመገናኛው ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሟል፤ ልጅ ቢጠፋብን ስልክ ደውሎ ቁጥሩን ይነግረናል። ብስክሌት የሌለው በሩ ላይ መከራየት ይችላል። ለእግረኛ ብቻ የተተዉ መሄጃዎች ስላሉ ምልክቱን ማክበር ያስፈልጋል። ከእናቶቻችን ሦስቱ ከአርባ ዓመታቸው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብስክሌት ላይ የወጡት እዚህ ደን ውስጥ ነው። ማንም የሚያውቃቸው ሰው አያይም ብለን አግባብተን ወስደናቸው፣ በሁለተኛው ሳምንት ዘመድ ሁሉ ጠርተው መጡ።

ልጆቻችን እዚያ በሄዱ ቁጥር አንድ ታሪክ እንነግራቸዋለን። ይህ ደን እንዲሁ የተረፈ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሬቱ ለግንባታ ተሸንሽኖ ሊያልቅ ሲል ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይና ጓደኞቻቸው ችግኝ ይዘው ፊት ለፊት ቆሙ። በጥር 1999 ዛፍ ሊተክሉ ሄደው ተደበደቡ፤ የፕሮፌሰሯም ጭንቅላት ተፈነከተ። እኚህ ሴት በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ ከአፍሪካውያን ሴቶችም የመጀመሪያዋ ሆኑ። ዛሬ ልጃችን ያለ ሥጋት ፔዳል የሚረግጥበት ጥላ ሰው ደም ያፈሰሰበት ነው። የመጣንበት አገር ብቻ ሳይሆን ያሳደገን አገርም ጀግና እንዳለው ልጅ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው የቲጎኒና የሊሙሩ የሻይ ኮረብታ ነው። ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትንፋሽ ብዙም አይቸግረውም፤ ሞምባሳ ከርሞ የመጣ ግን ቀስ ይበል። በኬንያ ሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በ1903 በዚሁ በሊሙሩ ነው። ተክሉ እኩል ተከርክሞ ኮረብታውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል፤ ቀዩ መንገድ በመካከሉ እየተጥመለመለ ይሄዳል። ማለዳ ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን በጀርባቸው አዝለው ሲወጡ እንገናኛለን። በእርሻዎቹ ውስጥ ካሉት መንገዶች ብዙዎቹ የግል ስለሆኑ ዘበኛውን ሳናስፈቅድ አንገባም። እስካሁን በትሕትና ጠይቀን የተከለከልነው ከሁለት ጊዜ አይበልጥም።

ከሊሙሩ ወደ ኪያምቡ ሲወረድ ሻዩ ለቡና ቦታ ይለቃል። እዚያ ላይ ሁልጊዜ ቆም ብለን ውኃ እንጠጣለን። ቡና የተገኘው ከኛ አገር ነው፤ ኬንያ ደግሞ ጎረቤታችን ናት። ነገር ግን የቡና ችግኝ ወደ ኬንያ የገባው በሞያሌ በኩል አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳውያን ሚሲዮናውያን ከሬዩንዮን ደሴት በባሕር ያመጡት ነው። ይህን ስንናገር አንዲት የ11 ዓመት ልጃችን "ጎረቤት ሆነን ለምን እኛ አልሰጠናቸውም?" ብላ ጠየቀች። አባቶች ተያየን። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ስናልፍ የጀበናችንን ዕቃ ይዘን፣ አንድ ቀን ያስተናገዱንን የእርሻ ባለቤት ሽማግሌ ቡና አፍልተን እናጠጣቸዋለን። ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል ብለን ነው።

ሦስተኛው የንጎንግ ኮረብታዎች ናቸው። ከፍተኛው ጫፍ 2,460 ሜትር ነው። በሰሜን በኩል የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ቆመዋል፤ የመጀመሪያዎቹ የተተከሉት በ1993 ነው። ነፋሱ ቀልድ አይደለም፤ ቀላል ልጅን ከነብስክሌቱ ይገፋል። ሸንተረሩ ላይ ሲወጣ በምሥራቅ በኩል ናይሮቢ፣ በምዕራብ በኩል ስምጥ ሸለቆ ይታያል። ዳገቱ አንዳንድ ቦታ ወርዶ መግፋት ግድ የሚል ነው፤ መግፋት ደግሞ ነውር አይደለም። ከንፋስ ማመንጫዎቹ አልፈን ወደ ደቡብ ስንቀጥል ከጥበቃ ሠራተኞች ጋር እንጂ ብቻችንን አንሄድም። ከ14 ዓመት በታች የሆኑትንም ወደዚያ አንወስድም።

አራተኛው ናይቫሻ አጠገብ ያለው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስሙ በአማርኛ "የሲኦል በር" ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በማኅበራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ "ቅዳሜ ወደ ሲኦል በር እንሄዳለን" ብለን ስንለጥፍ አንድ እናታችን "እናንተ ሂዱ፤ እኛ እንጸልይላችኋለን" አሉን። ፓርኩ በ1984 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 68 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በኬንያ በዱር አራዊት መካከል በብስክሌት መሄድ ከተፈቀደባቸው ጥቂት ፓርኮች አንዱ ነው። በረጃጅም የድንጋይ ገደሎች መካከል ባለው ጠጠር መንገድ ላይ የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔ፣ ከርከሮና ሚዳቋ ግራና ቀኝ ይታያሉ። ጎሽ ስላለ ከመንገዱ አንወጣም፤ አንቀርብም፤ ለፎቶግራፍ ብለን አንቆምም። ገደሉ ውስጥ ያለው ጠባብ ሸለቆ ውብ ነው፤ ነገር ግን በ2012 እና በ2019 ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቶበታል። ደመና ካየን፣ ዝናቡ ሩቅ ላይ ቢሆን እንኳ፣ ወደ ሸለቆው አንወርድም። ጎርፉ የሚመጣው ዝናብ ከጣለበት እንጂ እኛ ካለንበት አይደለም።

ናይቫሻ ድረስ ግን በብስክሌት አንሄድም። ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደው መንገድ የከባድ መኪና ነው፤ ስለዚህ ብስክሌቶቹን በተከራየነው ማታቱ ጣሪያ ላይ አስረን እንወርዳለን። በመንገዱ ዳር በ1942 ጣሊያን የጦር ምርኮኞች የሠሯት ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። ያን ጊዜ በኬንያ ከነበሩት የጣሊያን ምርኮኞች ብዙዎቹ በ1941 በኢትዮጵያ ጦርነት የተያዙ ናቸው። አባቶቻችን ያሸነፉት ጠላት እዚህ መንገድ ሲሠራ፣ ድንጋይ ደርድሮም አምላኩን ሲለምን ነበር። ልጆቻችን በትምህርት ቤት መጽሐፍ ያላገኙትን ታሪክ እዚያ ቆመው በእጃቸው ነኩት።

ዕቃውና ደንቡ

ፈረንጆቹ "ግራቭል" የሚሉት ብስክሌት አለ። መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት የተቆለመመ፣ ጎማው ግን ወፈር ያለ ነው። ጥሩ ነው፤ ውድም ነው። ብዙዎቻችን የምንነዳው ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ነው፤ ከበቂ በላይ ነው። ምክራችን ይህ ነው፤ ገንዘባችሁን በቀለሙ ላይ ሳይሆን በፍሬኑና በጎማው ላይ አውሉት። ለጠጠር መንገድ ጎማው ከ40 ሚሊ ሜትር ባይቀጥን ይመረጣል። ነፋሱ ከአስፋልት ትንሽ ቀነስ ይበል፤ ጎማው መሬቱን ይይዛል፣ ወገብም አይንገጫገጭም። በጣም ከለሰለሰ ግን የውስጡን ጎማ ቸርኬው ድንጋይ ላይ ይቆርጠዋል። ሁለት ወንዝ ተሻግሮ ጎሚስታ ስለማይገኝ፣ እያንዳንዱ ሰው ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ይይዛል። ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ሁሉ ጎማ መቀየር ይማራል፤ ሴት ወንድ ብለን አንለይም። አሁን በቡድናችን ፈጣኗ ጎማ ቀያሪ የ13 ዓመት ልጅ ናት።

ከመውጣት ይልቅ መውረድ ያስፈራል። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ የጨበጠ በመሪው ላይ ተገልብጦ ይወድቃል። ሁለቱንም በመጠኑ መያዝ፣ ከኮርቻው ወደ ኋላ ማለት፣ ፍጥነትንም ከመታጠፊያው በፊት መቀነስ ይገባል። መንገዱ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሽንሽን ያለ ሲሆን እጅን ማጠንከር አይጠቅምም፤ ላላ አድርጎ ብስክሌቱን መልቀቅ ነው። ሄልሜት የሌለው ከቤት አይወጣም። ከአገር ቤት አዲስ ለመጣ ወገናችን ደግሞ ከሁሉ በፊት የምንነግረው አንድ ነገር አለ፤ እዚህ አገር መኪና የሚሄደው በግራ ነው! ቁልቁል እየወረድን ድንገት ቦዳ ቦዳ ከፊት ሲመጣ እጃችን በልማዱ ወደ ቀኝ ሊሸሽ ይችላል።

ወቅቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። የኬንያ ዝናብ እንደኛ ክረምት አይደለም። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በዚያን ጊዜ ቀዩ አፈር እንደ ማር ይለጠፋል፤ ጎማው አይዞርም። ጥሩዎቹ ወራት ጥርና የካቲት፣ ከዚያም ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ናቸው። አገር ቤት ሐምሌ ጭቃ ሲሆን እዚህ መንገዱ ይደርቃል፤ ሊሙሩ ላይ ግን ጉም ስላለ ሹራብ ያስፈልጋል።

የምንነሣው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደኛው ስለሆነ ከገበሬው ጋር ስንቀጣጠር አንሳሳትም። እስከ አራት ሰዓት እንመለሳለን፤ ሱቅም ይከፈታል። ስንቃችን በሶና ቆሎ ነው። በሶ በውኃ በጥብጦ በጠርሙስ የያዘ ሰው፣ በጾም ቀንም ቢሆን፣ ሱቃችን ውስጥ በውድ የምንሸጠው የፈረንጅ ብስኩት አያስፈልገውም። ይህን ስንል ንግዳችንን እየጎዳን መሆኑን ልብ በሉልን።

መንገዱ የሰው ደጅ ነው

መኪና የለም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም፤ ሰው የለም ማለትም አይደለም። ያ ቀይ መንገድ የአንድ ገበሬ ደጅ ነው። እናት ልብስ ታሰጣበታለች፣ ዶሮ ትጭርበታለች፣ ልጅ ይቦርቅበታል። ስለዚህ ቤት ስናይ ፍጥነት እንቀንሳለን፣ ሰላምታ እንሰጣለን፣ ከላም ጋር ስንገናኝ እንቆማለን። ሽማግሌ ካየን ወርደን እንሰላመታለን። ይህ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ሥርዓት ነው፤ እዚህም በደንብ ይሠራል። በ20 ዓመት የሱቅ ኑሮ ያልተማርነውን ስዋሂሊና ጥቂት ኪኩዩኛ በእነዚህ ደጆች ተምረናል።

"ብስክሌት የድሃ መጓጓዣ ነው፤ ልጃችንን ምን ሊሉት ነው?" የሚሉን ወላጆች አሉ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ለበሰ። በመስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ፣ በኪጋሊ ተካሄደ። እዚሁ ኬንያ በ2021 በማሳይ ማራ የጠጠር መንገድ ውድድር ተጀምሯል። ለዚህ ስፖርት ብዙ የደከመው ኬንያዊው ሱለይማን ካንጋንጊ በ2022 አሜሪካ ውስጥ በውድድር ላይ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል፤ ነፍስ ይማር። ለዚህ ሥራ ሕይወቱን የሰጠ ሰው ባለበት አገር ብስክሌትን መናቅ አይገባም።

የምንጠይቃችሁ

ውድ ወገኖቻችን፤ እነዚህ መንገዶች ለዘላለም አይቆዩም። ከተማው እየሰፋ ነው። የቡና እርሻው እየተሸነሸነ ቤት ይሠራበታል፤ ሙራሙ አስፋልት ይለብሳል። በዚህ ገበሬው ይጠቀማል፣ ሕመምተኛም ሐኪም ቤት በጊዜ ይደርሳል፤ እኛ ለመዝናናት ብለን መንገድ አይሠራ አንልም። ግን በደብተራችን ላይ "ጸጥ ያለ" ብለን ከጻፍናቸው መንገዶች አንዳንዶቹ ዛሬ ማታቱ ይሮጥባቸዋል። ልጆቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ዛሬ አብሮን ለመሄድ የሚለምነን የ12 ዓመት ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ያን ጊዜ እኛ እንለምነዋለን። መንገዱም ልጁም ጊዜ አይሰጡንም።

ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማኅበሩ በተለያየ ቁመት የሚሆኑ ጥቂት የልጆች ብስክሌቶችና ሄልሜቶች ገዝቶ በአዳራሹ ያስቀምጥ፤ የሌለው ቤተሰብ እየፈረመ ይውሰድ። ጥገናውን እኛ ባለሱቆች በተራ እንችላለን። ሁለተኛ፣ ከወሩ ቅዳሜዎች አንዱ የቤተሰብ ቀን ይሁን፤ እናቶችም ይምጡ፣ የማይነዱም በእግራቸው ይምጡ። ሦስተኛ፣ የመንገድ ደብተራችንን በየዓመቱ የሚያድሱ ሁለት ወጣቶች ይመረጡ፤ የትኛው ድልድይ ፈረሰ፣ የትኛው መንገድ አስፋልት ሆነ፣ የትኛው ዘበኛ ፈቃድ ይሰጣል የሚለውን የሚጽፉ።

ለአንድ ሰው ሸክም የሆነ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ሃምሳ ባንሆን እንኳ ሃያ ቤተሰብ ብንሆን ይበቃናል።

ያ እግሩ የተሰበረው ልጃችን ዛሬ የቡድናችን መሪ ነው። ትናንሾቹን ከኋላ አስከትሎ ዳገቱን ሲወጣ፣ እናቱ ከኋላ በመኪና አይደለም የምትከተለው፤ በራሷ ብስክሌት ነው። አሁንም ትፈራለች፤ እኛም እንፈራለን። ፍርሃታችን ግን መንገድ ያስመርጠናል እንጂ ከቤት አያስቀረንም።

የሚቀጥለው ጉዞ በመጪው ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት በካሩራ ደን በሊሙሩ መንገድ በር ነው። በሶው ከእኛ፣ ውኃው ከእናንተ።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን። አምላክ አገራችንን ኢትዮጵያን፣ ያስተናገደችንንም ኬንያን ይባርክ።